ሁለተኛ ያልተንኳኳው በር

በላ ፓዝ ሀብታም ቁልቁል ይወርዳል፣ ድሃ ሽቅብ ይወጣል። ታች ካላኮቶ ሰፈር አየሩ ሞቅ ያለ ነው። ጽጌረዳ በየአጥሩ ይንጠለጠላል፤ ሰው እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ላይ ኤል አልቶ ግን ንፋሱ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ እንግዳ ሰው ጥቂት ተራምዶ ደረቱን ይይዛል። ዴሊያ ካሊሳያ ከላይ ተወለደች። ኤርናን ሳልሴዶ ከታች። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኘው በሽቦ ላይ እየተንሸራተተ የሚወጣና የሚወርድ ኬብል ካር ነው። እሱም ቢሆን ንፋስ በበረታ ቁጥር መሃል ሰማይ ላይ ቀጥ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ዴሊያ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ፣ በዱላ ጫፍ ያሰረችውን ብርቱካናማ የሱፍ ኳስ ወደ ላይ አነሳች። የአስጎብኚነት ምልክቷ ነው። እናቷና አያቷ እንደሚለብሱት ሰፊ፣ ድርብርብ፣ አረንጓዴ ፖዬራ ቀሚስ ለብሳለች። ሁለት ረጃጅም ጉንጉኖቿ ጀርባዋ ላይ ወርደዋል፤ ድቡልቡሏ ቡናማ ባርኔጣ አናቷ ላይ ተቀምጣለች።

«ስሜ ዴሊያ ነው። ዛሬ አብረን እንውላለን» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በዚህ ከተማ የሚሮጠው ሌባና አዲስ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ የማያጥረው እዚሁ የተወለድነውን ብቻ ነው።»

«እኔ ቆሜም እያጠረኝ ነው» አለ ከሁሉም በላይ የሚታየው ረጅሙ ሆላንዳዊ። ሰዎቹ ሳቁ። ከኡሩጓይ የመጡት አዛውንት ባልና ሚስት፣ ኦራሲዮና ኤልሳ፣ የሻይ ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ነበር። ሁለቱ ብራዚላውያን እህትማማቾች ገና ከመነሳታቸው ፎቶ ይነሳሉ።

ስድስተኛዋ አልሳቀችም። ጥቁር መነጽር፣ ውድ ካፖርት፣ ከሁለቱም ጋር የማይሄድ አዲስ የስፖርት ጫማ።

«ስምዎን አልሰማሁም፣ ሴኞራ» አለቻት ዴሊያ።

«አልነገርኩሽም።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ለመጥረግ አወለቀች። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ተለይታ ወደ ላይ ሸሸች። ዴሊያ ያቺን ቅንድብ ታውቃታለች። ኤርናን ሲናደድም ሲስቅም እንዲሁ ትሸሽበት ነበር፤ እሷም በጣቷ ወደ ቦታዋ ትመልስለት ነበር።

እናቱ ናት። ዶኛ ሜርሴዴስ።

የሱፍ ኳሱ በእጇ ላይ ከበዳት። አላወረደችውም።

* * *

ከኤርናን ጋር የተዋወቁት ኬብል ካሩ በንፋስ ምክንያት አየር ላይ በቆመበት ቀን ነው። ዴሊያ ጎብኚዎቿ እንዳይሸበሩ ያለውንም የሌለውንም ታወራ ጀመር፤ ከከተማው በታች ተሸፍኖ ስለሚሄደው ወንዝ፣ ወንዙ ስለወሰዳት የአያቷ በቅሎ። ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ምሰሶ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ካሩ ተንቀጥቅጦ መሄድ ሲጀምር ሁሉም አጨበጨበ። ወጣቱ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «በቅሎዋስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለ።

ሰው ሳቀበት። ዴሊያ አልሳቀችም። በሥራዋ ስንት ሰው አስከትላ ዞራለች፤ እስከ መጨረሻው ያዳመጣት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ሰው ታሪክ ነው። እሱ ከታች እየወጣ፣ እሷ ከላይ እየወረደች፣ መሃል ከተማ ላይ ይገናኛሉ። ከፍታ የሚፈራ ሰው በየቀኑ በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ማየት ለሴት ልጅ ከአበባ ይበልጣል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኤርናን ሊያገባት እንደሚፈልግ ለቤተሰቡ ነገራቸው። እናቱ «በሬሳዬ ላይ!» አለች። እሱም ለብቻው ተነሳ። አበባና አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ ወደ ኤል አልቶ ወጣ፤ ሰማያዊውን የብረት በር አንኳኳ። የዴሊያ አባት ዶን ፋኩንዶ የበዓል ጭፈራ ልብስ ጠላፊ ናቸው። ድምፃቸው ግን እንደ አንጥረኛ መዶሻ ነው።

«ውሻህ ጠፍቶብህ ነው?» ብለው ከውስጥ ጮኹበት። «ሌላ ሰፈር ፈልገው! እዚህ ላንተ የሚሆን ነገር የለም!»

ዴሊያ ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰማች። ቃል አልተነፈሰችም። እናቷ ማማ ኢላሪያ ጭልፋቸውን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ በሩ አቀኑ። አባቷ ክርና መርፌያቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን አሰገጉ። ሁሉም ጠበቁ።

የሰሙት የሚርቅ የጫማ ድምፅ ነበር። አበባው ደጃፉ ላይ ቀርቷል።

«ሄደ እንዴ?» አሉ ማማ ኢላሪያ፣ የማያምኑ ሆነው። «ወዲያው?»

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ኩራት የሚሉት ነገር ከሁለቱም ጋር እራት ይበላል፤ ከሁለቱም ጋር ያድራል።

* * *

በጠባቡ የጠንቋዮች ገበያ የደረቁ እንስሳት፣ የዕድል ክታቦችና የኮካ ቅጠል ጆንያዎች መንገዱን ሞልተውታል። ገበያው ሁሉ ቲያ፣ አክስቴ፣ የሚላት ቅጠል ሻጭ ፍሎሬንሲያ ከጆንያዋ ጀርባ ሆና ገና ከሩቅ ጮኸች።

«ደንበኛዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ቀጫጫ ዛፍ ነው ያመጣሽልኝ?»

«ሆላንዳዊ ነው፣ ቲያ። ራሱን አዞረው። የሚያላምጠው ቅጠል ስጪው።»

«ምስኪን! ያ አናት እኮ ከኛ ይልቅ ለሰማይ ይቀርባል፤ እንዴት አይዞርበት!» ቅጠሉን በከረጢት ሞላችለትና አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመረች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ ዴሊያን አየቻት። «ያ የታች ሰፈሩ ልጅስ? ተመልሶ አላንኳኳም?»

«ቲያ…»

«እኔ ምን አልኩ? ጠየቅሁ እንጂ! ደግ መሳይ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ዋጋ ሳይከራከር ነው ከኔ የሚገዛው። ሞኝ ሳይሆን አይቀርም።»

ከኋላ ዶኛ ሜርሴዴስ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቲያ ፍሎሬንሲያ ከስፖርት ጫማዋ ጀምራ ወደ ላይ ለካቻት።

«ለእርስዎስ፣ ደንበኛዬ? ለቁጣ የሚሆን ቅጠልም አለኝ።»

«አልተቆጣሁም!»

«እንግዲያው ለፊትዎ እሰጥዎታለሁ።»

ብራዚላውያኑ በሳቅ ፈነዱ። የዶኛ ሜርሴዴስን ፊት ደም ሞላው። ዴሊያ መሳቅ ይገባት ነበር። ነገር ግን ያቺ ቅንድብ ዳግመኛ ወደ ላይ ስትሸሽ አየች። የሚወዱትን ሰው ፊት በሚጠላዎት ሰው ፊት ላይ ማየት ከባድ ነገር ነው።

* * *

ሙሪዮ አደባባይ ደረሱ። ሰዎቹ ለርግብ እህል መበተን ሲጀምሩ ዶኛ ሜርሴዴስ የዴሊያን ክንድ ይዛ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ጥላ ወሰደቻት። ከአናታቸው በላይ ትልቁ ሰዓት ወደ ግራ ይዞራል። ቁጥሮቹም እንደዚያው ተገልብጠው ነው የተጻፉት።

«እብድ ሰዓት» አለች ዶኛ ሜርሴዴስ ቀና ብላ። «በኛ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይዞር ነበር።»

«ከምድር ወገብ በታች ጥላ ወደ ግራ ነው የሚዞረው ይላሉ፣ ሴኞራ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ማን እንደሆንኩ አውቀሻል።»

«ከጠዋት ጀምሮ። ቅንድብዎን ልጅዎ ይዞት ይዞራል።»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዴሊያን ያስደነገጣት ይህ ነው፤ ቁጣዋን ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው፣ ድካሟን ግን አልጠበቀችም።

«ልጄ ምግብ ትቷል። ክፍሉን ዘግቶ ግድግዳ ያያል። አባትሽ እንደ ውሻ አባረረው፤ አንቺም ውስጥ ሆነሽ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም አለኝ። ‹አትፈልገኝም፣ እማዬ› ነው ያለኝ። ይኸው ነው፤ አላለቀሰም እንኳ።»

ዴሊያ ጆሮዋን ጠረጠረች። አትፈልገኝም? እሷ እኮ የሄደው አፍሮባት መስሏት ነበር! የበሩ ዝገት ጫማውን ያቆሸሸው፣ የአባቷ ድምፅ ክብሩን የነካው መስሏት ሦስት ሳምንት ትራሷን ነክሳ አደረች። እሱ ደግሞ ታች ሆኖ ግድግዳ ያያል!

«ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር» ስትል ቀጠለች ዶኛ ሜርሴዴስ። «ልጄ ሲከስም ቆሜ አላይም። ቤቴ ይበቃሻል። ለቀሚስሽ ግን ቦታ የለኝም። ጉንጉንሽን ፍቺው። ያንን ባርኔጣ አውልቂ። ልብሱን እኔ አሰፋልሻለሁ፤ ከየት መጣች ብሎ ማንም እንዳይጠይቅ። ብዙ ሴት አድርጋዋለች፤ ማንም አልሞተ።»

ዴሊያ አደባባዩን ዞር ብላ አየች። ርግቦቹ በአንድነት ተነሱና ተመልሰው አረፉ።

«አያቴ ይህን ቀሚስ ለብሳ እዚህ አደባባይ እንድትገባ አይፈቀድላትም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ማዕዘን ቆማ ነው ሕንፃውን ታይ የነበረው። እኔ ግን በየቀኑ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ፣ የሌላ አገር ሰው አስከትዬ እገባለሁ። አሁን ደግሞ እርስዎ ወደ ሳሎንዎ ለመግባት አውልቂው ይሉኛል። ሳሎንዎ ከዚህ አደባባይ ይበልጣል፣ ሴኞራ?»

«እኔ ለአንቺው ብዬ ነው!»

«ካወለቅኩት ቤትዎ የምትገባው ማን ናት? እኔ አይደለሁም። ልጅዎ የወደዳትም አይደለችም። እንደዚያ ያለች ሴት ታች ሰፈር ሞልታለች፤ እኔን ምን ያደክሙኛል?»

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«ቀሚሱን አላወልቅም ነው ያልኩት። ልጅዎን እምቢ አላልኩም። ሁለቱን አይቀላቅሉብኝ!»

የመጨረሻውን ቃል ጮክ ብላ ተናግራው ነበር። ርግብ የሚመግቡት ሁሉ ዞሩ። ኤልሳ እህል የያዘ መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች። ዴሊያ የሱፍ ኳሷን አንስታ «ወደ ኬብል ካሩ!» ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

* * *

የሐምራዊው መስመር ካር በሩን ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው በጎን ዘልሎ ገባ። ሸሚዙ ተዛንፎ የተቆለፈ፣ ጢሙ ያደገ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው። ኤርናን ነበር።

«ሠራተኛዋ ‹እናትዎ በስፖርት ጫማ ወጡ› ስትለኝ ነው ወደዚህ ጉብኝት እንደመጣሽ የገባኝ» አለ እያለከለከ። «በሕይወትሽ አድርገሽው አታውቂም፣ እማዬ!»

«ተቀመጥ፤ ሰው ያያል።»

«ሰው ይይ!»

ካሩ ከጣቢያው ወጣና ምድር ከሥራቸው ጠፋች። ኤርናን ወዲያው ምሰሶውን አቀፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። የተቀመጠው ከዴሊያ ትይዩ ነበር። ጉልበቱ የቀሚሷን ጫፍ ይነካል። ከሥራቸው ጣሪያዎች፣ የተሰጣ ልብስ፣ አጥር ላይ የቆመ ውሻ ወደ ታች ያልፋሉ። ዴሊያ የከሳ ጉንጩን አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ኤልሳ ሻይዋን ፉት አለች። አሮጊቶች የሚያዩትን ነገር አይታለች።

«ልጄ» አለቻት ዴሊያን፣ «ሕንፃውንስ አየነው። እናንተ እዚህ አገር እንዴት ነው የምትጋቡት? እሱን አልነገርሽንም።»

ዴሊያ በመስኮቱ በኩል ለተራራው እንደምትናገር ሆና ጀመረች።

«እኛ ሰፈር ወንዱ ብቻውን አይመጣም። ወገኑን ይዞ ይመጣል። ዳቦ ይይዛል፣ የኮካ ቅጠል ይይዛል፣ ያንኳኳል። የልጅቷ አባትም ይሰድበዋል።»

«ለምን?» አለ ሆላንዳዊው፣ ጉንጩ በቅጠል እንዳበጠ።

«ደንብ ነዋ። ወዲያው የሚከፍት አባት ልጁን እንደ አሮጌ ዕቃ ገፍትሮ ያወጣት ይመስላል። ስለዚህ ይሰድባል። ሰውዬውም እንደገና ያንኳኳል። እንደገና ይሰድባል። እንደገና ያንኳኳል። ውስጥ ግን ሾርባው ተጥዷል። ሳህኑ ተደርድሯል። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ያንን ማንኳኳት ይጠብቃል።»

«ልጅቷስ ምን ትላለች?» አለች ኤልሳ።

«ምንም። በሩ እስኪከፈት ድምጿ አይሰማም። ከተናገረች፣ ሰውዬው የቆየው በራሱ ልብ ይሁን እሷ ስለለመነችው አይታወቅማ።»

ሽቦው ከላይ አፏጨ። ካሩ ትንሽ ተወዛወዘ።

«በመጀመሪያው ስድብ የሄደ እንደሆነስ?»

ድምፁ ከምሰሶው በኩል ነበር የመጣው። ዴሊያ ዞረች። ኤርናን ዓይኑን ገልጦ ያያታል። ከሥሩ ገደል ነው፤ እሱ ግን እሷን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለችው።

«ማንም አልነገረኝም፣ ዴሊያ።»

«ማንም ለማንም አይነግርም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።» መንገዱን፣ ገበያውን፣ ሰዓቱን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስታስረዳ የኖረች ሴት፣ ለወደደችው ሰው አንዲት በር ሳታስረዳው ቀርታለች። «አንተ እኮ እስከ መጨረሻው የምትሰማ ሰው ነበርክ። ለምን አልቆየህም?»

«የበቅሎዋን መጨረሻም አልነገርሽኝ» አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ተረት ነው!» አለች ዶኛ ሜርሴዴስ። «ስድብን ክብር ነው የሚል ተረት!» ኤርናን ግን ምሰሶውን ለቀቀ። ሁለቱንም እጁን ለቀቀ። ይህን ከዴሊያ በቀር ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ልቧ እንደ ሐምሌ በረዶ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ተሰማት።

* * *

ላይኛው ጣቢያ ሲደርሱ ጉብኝቱ አለቀ። ንፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል። ኤርናን ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ አብረሽኝ ትመጪያለሽ?»

«አብደሃል? እኔ? በዚያ በር ላይ ልሰደብ?»

«አዎ። ከኔ ጋር።»

ዶኛ ሜርሴዴስ ፊቷን አዞረች። ኤርናን ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ወደ ቱሪስቶቹ ዞረና ኮፍያ ያለው ይመስል ራሱን በእጁ ነካ።

«ወገን የለኝም። ለዛሬ ወገን ትሆኑኛላችሁ?»

ኦራሲዮ ፔርሙዛውን ለሚስቱ አቀበለ።

«ለእኛ ወንድ ልጅ አልተሰጠንም» አለ። «ለዛሬ ከሰዓት ወስጄሃለሁ። ሸሚዝህን ግን በትክክል ቆልፍ፤ አታሰድበኝ።»

ብራዚላውያኑ ከመንገድ ዳር ትኩስ ዳቦ ገዝተው በሻርፓቸው ጠቀለሉት። ሆላንዳዊው የቅጠል ከረጢቱን አውጥቶ «ግማሹን በልቼዋለሁ፤ ይቅርታ» አለ። ዴሊያ እየሳቀች፣ እንባዋንም በሻሏ ጫፍ እየጠረገች፣ የሱፍ ኳሷን አነሳች።

«ከዚህ በኋላ ያለው በነጻ ነው» አለቻቸው። «ተከተሉኝ!»

ዶኛ ሜርሴዴስ ከኋላ ትመጣ ነበር። «የምከተለው ልጄን ልወስድ ነው!» ትላለች ለማንም። «ሌላ እንዳይመስላችሁ!» ትንፋሿ አጥሮ በየማዕዘኑ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ጊዜ ዴሊያ ተመልሳ ክንዷን ልትይዝላት ስትል «አትንኪኝ!» አለቻት። ዴሊያም አልነካቻትም፤ ግን እርምጃዋን ዝግ አደረገችላት።

ሰማያዊው በር ፊት ኤርናን ቆመ። አንኳኳ።

«ማነው?»

«ኤርናን ሳልሴዶ ነኝ፣ ዶን ፋኩንዶ። ልጅዎን ልለምን መጣሁ።»

ውስጥ አንድ ሳህን ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ያ ውሻ የጠፋበት ሰውዬ! አሁንም አላገኘኸውም? ሂድ ከዚህ!»

ኤርናን አንኳኳ።

«ደንቆሮ ነህ እንዴ? እዚህ የሚሰጥ ልጅ የለም! ያለችው አንዲት ሰነፍ ናት። ስታንኮራፋ ሰፈር ትቀሰቅሳለች። የምትሠራው ሾርባ ድንጋይ ድንጋይ ይላል!»

«ጨው ይዤ መጥቻለሁ፣ አባቴ!»

ከበሩ ጀርባ የታፈነ ሳቅ የተሰማ መሰለ። የጎረቤት መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ዴሊያ ወደ በሩ ተጠጋች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «አላንኮራፋም!»

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አሉ ዶን ፋኩንዶ። «ልጄ በዚህ ሰዓት ዝም ማለት አለባት!»

«ባለፈው ዝም ብዬ ነበር። ምን እንደመጣ አይተነዋል። ዛሬ አልልም! ደንቡ ቅር ካለው እኔን ይጠይቀኝ። ከሱ ጋር ውጭ ቆሜያለሁ፤ የሚሰድቡትን እኔንም ጨምረው ይስደቡ!»

ኤርናን እጇን ያዘ። በጎረቤት መስኮት አንዲት ሴት «እሰይ!» አለች። ከዚያ የዶን ፋኩንዶ ድምፅ መጣ፤ አሁን ዝግ ብሎ፣ ያለ ቀልድ።

«እሺ ወጣቱ። ወገንህ ማነው?»

«እኛ ነን!» አለ ኦራሲዮ።

«ከየት?»

«ከኡሩጓይ!» «ከብራዚል!» «ከሆላንድ!»

«ጉድ ነው! ዓለምን ሰብስበህ መጣህ እንዴ? እኔ ዓለምን አልጠየቅሁም። እናት የለህም? ዶሮ ነው የጣለህ? ወንዝ ዳር ከእንቁላል ነው የተፈለፈልከው? ‹የኔ ነው› የሚልህ አንድ ሰው እንኳ የለም?»

ኤርናን ራሱን ደፋ። እናቱን አላያትም፤ ሊለምናት አልፈለገም። ዴሊያ ግን አየቻት። ዶኛ ሜርሴዴስ ደረቷን ይዛ፣ በአቧራ የነጣ ጫማዋ ላይ ተተክላ ቆማለች። ኤልሳ አዘነችና አፏን ከፈተች፤ ‹የኔ ነው› ልትል ነበር።

«ዝም በይ አንቺ!»

ዶኛ ሜርሴዴስ ሰዎቹን በክርኗ ከፍላ በሩ ድረስ ደረሰች። በመዳፏ ብረቱን መታችው።

«ዶሮ ማነው ያልከው? አንተ ሰውዬ! እኔ ነኝ የወለድኩት! ሁለት ቀን አምጬ ነው የወለድኩት! ሲያተኩሰው ያደርኩት እኔ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ! የኔ ነው! ሰማህ? የኔ ልጅ ነው!»

ትንፋሿ አለቀና ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

መወርወሪያው ተሳበ።

ዶን ፋኩንዶ በደረታቸው ላይ የወርቅማ ክር ቁርጥራጭ እንደተበተነ ቆመው ነበር። እንደ ድምፃቸው ግዙፍ አይደሉም፤ አጭርና ቀጭን ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሱን ነበር የምንጠብቀው፣ እመቤት» አሉ። «ይግቡ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሰደብኩት በደንቡ ነው።»

ከኋላቸው ማማ ኢላሪያ፣ ከዴሊያ ቀሚስ የሰፋ ቀይ ፖዬራ ለብሰው፣ በውርጭ ከደረቀ ድንች የተሠራ ሾርባ በሳህን ይዘው ወጡ። ሁለቱ እናቶች ደፉ ላይ ተፋጠጡ። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች።

«ባለፈው ቀዝቅዞብን ነበር» አሉ ማማ ኢላሪያ። «የዛሬው ትኩስ ነው። ይያዙት፤ እጅዎ በርዷል።»

ዶኛ ሜርሴዴስ ሳህኑን ተቀበለች። እንፋሎቱ ጥቁር መነጽሯን ሸፈነው። አላወለቀችውም፤ ከመስታወቱ ሥር ግን በጉንጯ ላይ አንድ ነገር ይወርድ ነበር። ወደ ዴሊያ ሳትዞር፣

«ቀሚሱን አሁንም አልወደድኩትም» አለች።

«አይውደዱት፣ ሴኞራ። የምለብሰው እኔ ነኝ።»

ኤርናን ሳቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር፤ የግራ ቅንድቡም ወደ ላይ ሸሸች። ዴሊያ እጇን ሰደደችና፣ በእናቱ ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ መስኮት ላይ በተንጠለጠለው ሰፈር ሁሉ ፊት፣ በጣቷ ቅንድቡን ወደ ቦታዋ መለሰችለት።

እዚያ ከፍታ ላይ የተወለደች ሴት ናት። ደረጃውን እየሮጠች ያደገች፣ ንፋሱን እየቀደመች ትምህርት ቤት የሄደች። የትንፋሽ ማጠር ምን እንደሆነ ለእንግዳ ስትነግር እንጂ በራሷ ላይ አይታው አታውቅም ነበር።

አሁን በገዛ አባቷ ደጃፍ ቆማ፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ፣ አየር አጣች።